የሰባተኛው ጣባ ውሃ

እኔ በጻፍኩት ገጽ ላይ ስርዝ ማየት አልወድም። አሁን በእርጅናዬ እንኳ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የሰፈር ሰው ማመልከቻ ጻፍልኝ ብሎ ሲመጣ አንድ ፊደል ከተበላሸብኝ ወረቀቱን ቀድጄ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። «ኧረ ይሁን፣ ይነበባል እኮ!» ይሉኛል። መነበቡንማ ይነበባል። ይህ አመል ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈለኝ ግን ለማንም ዘርዝሬ ነግሬ አላውቅም። መናገር የሚገባኝ ሰዎች ሁሉ ስላለፉ፣ እኔም ተራዬ ስለቀረበ፣ አሁን እጽፈዋለሁ።

አመሉን ያመጣሁት ከደብረ ኤልያስ ነው። እዚያ ቁም ጽሕፈት ተማርኩ፤ የብራና መጽሐፍ መገልበጥ ማለት ነው። መምህሬ ቁጡ ሰው ነበሩ። «የምትገለብጠውን አትመርምር፤ ዓይንህ ያየውን እጅህ ይጻፍ፤ ከዚያ ወዲያ የአንተ ሥራ አይደለም» ይሉኝ ነበር። ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል፣ ነገር ግን የተፋቀው ቦታ ወደ ብርሃን ሲያቀኑት ይታወቃል። እርሳቸውም እያንዳንዱን ገጽ ወደ ብርሃን አቅንተው ነበር የሚቀበሉኝ። ፍቀት ካገኙ ሰነባብተው ነው የሚያናግሩኝ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ያለ ፍቀት መጻፍ ቻልኩ። ሌላ የምኮራበት ነገር ስላልነበረኝ በዚያ አብዝቼ ኮራሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ በነበረው ክረምት ተስቦ ያዘኝ። ሰዎች በቃሬዛ አምጥተው ጣልያኖቹ የከፈቱት የሕክምና ቤት በር ላይ አስቀምጠውኝ ሄዱ። ዳንኩ። ስድን ጽሕፈት እንደምችል አዩና የበሽተኛ ስም መዝጋቢ አደረጉኝ፤ ውዬ አድሬ ቋንቋቸውንም ለመድኩ። ከእኔ በአምስት ዓመት የምትበልጥ አንዲት እኅት ነበረችኝ። ባሏ ገና በመጀመሪያው ዓመት ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቶ ነበር። እሷ እኔ የት እንደምሠራ ስትሰማ በገበያተኛ እጅ አንድ መልእክት ላከችብኝ፤ «ለማን እንደምትጽፍ እወቅ» የሚል። ከዚያ በኋላ ዘጋችኝ።

የሕክምና ቤቱ ሐኪም ወታደር ከመሆኑ በፊት ተማሪ ቤት ሳለ ያጠና የነበረው ስለ ብርድ ነው። ብርድ ያለው አገር ላይ ሣሩ፣ ዛፉ፣ እንስሳው እንዴት አድርጎ እንደሚኖር። ቀን ቁስል ያጥባል፣ ጥርስ ይነቅላል፤ ልቡ ግን እዚያው ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን በሽተኛ ባልበዛበት ሰዓት ስለ ጮቄ ተራራ ጅብራ አጫወትኩት። እኔ የጮቄ ሥር ልጅ ነኝ። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ቅጠሉ አናቱ ላይ የሚከመር ተክል ነው። ቀን ቅጠሉን ዘርግቶ ይውላል። ውርጭ ባለበት ሌሊት ግን ቅጠሉን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ይሸፍናል። ዙሪያው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ሲያድር ከቅጠሉ መሐል ያለው ውሃ ውሃ እንደሆነ ያነጋል። አባቴ ማታ ማታ ጅብራውን አይቶ ነበር ጠቦቶቹ በረት ይደሩ ወይስ ቤት ይግቡ የሚለውን የሚወስነው።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። በወሩ አለቆቹን አስፈቅዶ ጮቄ ሥር ካለው ምሽግ ጎን ድንኳን ተከለ፤ እኔንም ይዞኝ ወጣ። ሐሳቡ ጅብራ ብርድን እንዴት እንደሚችል አጥንቶ፣ የአገሩ ሊቃውንት በሚያነቡት መጽሔት ላይ ማሳተም ነበር። ስለ ማሳተም ሲያወራ የማይጠግብ ሰው ነበር። «አይተህ ያላሳተምከው ነገር እንዳልነበረ ነው። አንተ ስትሞት አብሮህ ይሞታል» ይለኝ ነበር። ስሜም እንደሚገባ ነገረኝ። የእኛ ጸሐፊ መጽሐፍ ሲጨርስ መጨረሻው ላይ ስሙን ጽፎ አንባቢ እንዲጸልይለት ይለምናል፤ እና ስምህ ይገባል ሲለኝ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም፣ ደስ አለኝ እንጂ። የታተመ መጽሐፍ ላይ! ደብረ ኤልያስ ድረስ የሚሰማ መስሎኝ ነበር።

ከደብረ ማርቆስ ስንወጣ በቅሎዋ ዳገት ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ካመጣናቸው ሦስት የሙቀት መለኪያዎች ሁለቱ ደቀቁ። ሐኪሙ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ የእኛን አገር ዘዴ ነገርኩት፤ ገብሱ እሸት ሆኖ ሳለ ውርጭ የፈራ ገበሬ ማታ እርሻው ዳር በሸክላ ጣባ ውሃ ያኖራል፤ ጎህ ሲቀድ ሄዶ በረዶ መያዝ አለመያዙን ያያል። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ስንት ጣባ ማግኘት እንችላለን?» አለኝ። ከአምበር ገበያ አሥራ ሁለት እኩል የሆኑ ጣባዎች መርጬ አመጣሁ። ከምሽጉ አጥር ጀምሮ እስከ ተራራው ጫፍ ሥር ድረስ በአሥራ ሁለት ቦታ፣ እያንዳንዱን በአንድ ጅብራ ግርጌ አስቀመጥናቸው። የቀረችውን አንዷን መለኪያ እሱ ድንኳኑ አጠገብ ሰቀላት።

ሥራዬ ይህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ሁሉንም ጣባ በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ልክ ውሃ እሞላለሁ። ጠዋት ፀሐይ ሳትነካቸው ደግሞ ዞሬ አያለሁ፤ ውሃው በረዶ ይዟል ወይስ አልያዘም፣ የጅብራው ቅጠል ክፍት ነው ወይስ ዝግ። ያየሁትን እዚያው ቆሜ በቀለም እጽፋለሁ። የደብተሩ ሕግም እንደ መምህሬ ሕግ ጥብቅ ነበር። ገጾቹ ቁጥር ስላላቸው መቅደድ የለም። መፋቅ የለም። ስሕተት ከተገኘ አንዲት ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ሥሩ ያለው እንዲነበብ ሆኖ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል። እኔ ግን መስመር የሚያስፈልገው ነገር አልጻፍኩም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ገጾቼ እንደ ዳዊቴ ንጹሕ ነበሩ። ሐኪሙ አንድ ቀን ለምሽጉ አዛዥ አሳይቶት «ጸሐፊዎችህ ከዚህ ሰው ይማሩ» ሲለው ሰማሁ።

ሰባተኛው ጣባ የነበረው ከአንድ ገደል ሥር፣ ዋሻ አፍ ላይ ነው። ቦታው ጎድጓዳ ነው። ብርድ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል አለኝ ሐኪሙ፤ እውነቱን ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ በረዶ የሚይዘው፣ ከሁሉ ዘግይቶ የሚሟሟው ሰባተኛው ነበር። ኅዳር ከገባ ወዲህ አንድም ቀን ሳይዝ ቀርቶ አያውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን ወታደሮቹ አርበኛ ታበላላችሁ እያሉ ከጮቄ ሥር ያሉትን መንደሮች ያቃጥሉ ነበር። ከጣባዎቹ አጠገብ ቆሜ ጭሱ ይታየኛል። አይቼ አንገቴን ደፍቼ ቀጣዩን ጣባ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ ምን አስብ እንደነበር ቢጠይቁኝ፣ ስለ በረዶው አስብ ነበር ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

አንድ ቀን ማለዳ እንደወትሮዬ ወጣሁ። ቁሩ ዓይን ያስነባል። ስድስተኛው ጣባ ጠጥሮ ስለነበር በጥፍሬ ብመታው ድምፅ ሰጠኝ። ሰባተኛው ዘንድ ደርሼ ጣቴን ስሰድ ጣቴ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ ጅብራውን አየሁት፤ ቅጠሉ ክፍት ነው። ደብተሬን አወጣሁ። «ሰባት፤ በረዶ አልያዘም፤ ቅጠል ክፍት» ብዬ ጻፍኩ። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ዓይኔ አየ፣ እጄ ጻፈ፤ እንደተማርኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ፊቴ ላይ ለብ ያለ አየር የተሰማኝ። ከዋሻው አፍ ነው የሚመጣው። የጭስና የከብት ሽታ አለው። ወዲያው ከውስጥ ሕፃን ሲስል ሰማሁ።

ደበሎ የለበሰች ሴት ከዋሻው ብቅ አለች። እኅቴ ናት።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ እታለም።»

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ትክ ብላ አየችኝና እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ከሠላሳ በላይ ሰው ነበር፤ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሁለት ቁስለኞች፣ መሐላቸው ደግሞ ጥቂት ላሞች ተኝተዋል። መንደራቸው ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ ነው። ትናንት እኔ ውሃዬን ሞልቼ ከወረድኩ በኋላ ሲመሻሽ ነው የገቡት። «በአፍንጫቸው ሥር አይፈልጉንም ብለን ነው» አለችኝ። ቁስለኞቹ ትንሽ እስኪያገግሙ፣ ለስድስት ቀን፣ እዚያ ሊቆዩ አስበዋል።

«ለምን ስድስት?» አልኳት።

ደበሎዋን ገለጥ አደረገች። ሕፃን አቅፋለች። «ወንድ ነው። ዛሬ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው። አርባው ሲሞላ ቄስ ያገኙልኛል፤ ክርስትና ይነሣል።»

«ስሙ ማነው?»

«ገና ነው። አባቱ ይምጣና ያውጣለት ብዬ ነው።»

ልዳስሰው እጄን ብዘረጋ መታችኝ። «በዚህ ቆፈናም እጅህ እንዳትነካው! መጀመሪያ ብብትህ ውስጥ አሙቀው!» እንደተባልኩት አደረግሁ። ሁለት ዓመት ዘግታኝ የኖረች እኅቴ እንዲህ ስትቆጣኝ ልጅነታችን ትዝ አለኝ። እጄ ሲሞቅ ጉንጩን ነካሁት። እንቅልፍ ላይ ነበር፤ አፉን እያላመጠ ፊቱን አዞረብኝ።

ልወጣ ስል ደብተሩን አየችው። «ምንድን ነው የምትጽፍላቸው?»

«የብርድ ነገር ነው እታለም። ውሃው በረዶ ያዘ፣ አልያዘም እያልኩ።»

«ብርድ ደግሞ ይጻፋል?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። «እኛንስ ጽፈኸናል?»

«ኧረ እንዴት ብዬ! ስለ ሰው አንድ ቃል የለበትም።»

ዋሽቼ አልነበረም። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ስምንተኛውን ጽፌ ወደ ዘጠነኛው ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከሁሉ ቀዝቃዛ በሆነው ቦታ ውሃ በረዶ ሳይዝ አደረ ብዬ በቀለም ጽፌአለሁ። ለምን አልያዘም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዋሻውን ያገኛል። ጽፌአቸዋለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንዲት ቀጭን መስመር አስምሬ ከጎኑ «ይዟል» ብዬ መጻፍ። ጣቴ ደንዝዞ ተሳሳትኩ ብል ማን ይጠረጥረኛል? የቀለሙን ጠርሙስ ከፈትኩ፤ ብዕሩን ነከርኩ። ገጹን አየሁት። ንጹሕ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከዚያች ቀን ድረስ አንዲት ስርዝ የለችም። አዛዡ ያየው ደብተር፣ ሊቃውንቱ ዘንድ የሚሄደው ደብተር፣ ስሜ የሚገባበት። ከአሥራ ሁለት መስመር አንዷን ማን ልብ ይላታል ብዬ አሰብኩ። ጠርሙሱን መልሼ ከደንኩት።

ኃጢአቴ ይህ ነው። ፈርቼ አላደረግሁትም፤ ተገድጄም አይደለም። ገጼ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።

ሐኪሙ ደብተሩን ገልጦ አንዴ ዓይኑን ጣል ሲያደርግ አገኛት። «ሰባት አልያዘም? ሰባት?» አለ። ልብ ብዬ እንዳየሁ ጠየቀኝ። አሁንም እኮ ተሳስቻለሁ ማለት እችል ነበር። «ጣቴን ሰድጄ አይቻለሁ» አልኩት። ደስታው ልክ አልነበረውም። ምናልባት ያ ጅብራ ከሌሎቹ የተለየ ይሆናል፣ ምናልባት ከሥሩ ሙቀት የሚያወጣ ነገር አለ እያለ ድንኳኑን ከጫፍ ጫፍ ተመላለሰበት። ከዚያ «ነገ ጎህ ሲቀድ እኔ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ» አለ። የእነሱ ሰው ደግሞ ያለ አጃቢ ከምሽጉ አይወጣም። ስድስት ወታደሮች ታዘዙ።

ከሰዓት በኋላ ውሃዬን ይዤ እንደወትሮዬ ወጣሁ። የፊተኞቹን ስድስት ጣባዎች እንዴት እንደሞላኋቸው አላውቅም። ዋሻው ደርሼ ለእኅቴ ነገርኳት።

«ስለ ሰው አንድ ቃል የለበትም አላልከኝም?»

«የለበትም። ውሃው ነው ያሳበቀው።»

«ውሃው አይጽፍም። አንተ ነህ የጻፍክ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ለሰዎቹ ነገረቻቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመነሣት ተጣደፉ። መንገዳቸው በጫፉ በኩል ተሻግሮ ከወዲያኛው ፊት ወዳለ ሌላ ጥግ ነው፤ ከጓሳ ሣር በቀር መጠለያ የሌለበት፣ ውርጭ የነገሠበት መንገድ። እሳቱን በአፈር አዳፈኑ፤ የከብቶቹን ፋንድያ ጠራርገው ወደ ገደሉ ጣሉት። ከቁስለኞቹ አንዱን በቃሬዛ አነሡት። እኅቴ ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አሰረችው፣ ከላይ ደበሎዋን ደረበች። እኔ ሐኪሙ የሰጠኝን የሱፍ ካፖርት አውልቄ ዘረጋሁላት።

«የእነሱን ልብስ ልጄ አይለብስም» አለችኝ።

ኩራት የዘራችን በሽታ ነው። ልለምናት ይገባ ነበር፤ እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አኮረፍኩ መሰለኝ፤ ካፖርቴን መልሼ ለበስኩ። እነሱ ዳገቱን ሲይዙ ሰባተኛውን ጣባ ሞልቼ ወደ ስምንተኛው ሄድኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከሐኪሙና ከወታደሮቹ ጋር እዚያ ቆሜ ነበር። ሰባተኛው ጣባ እስከ ሥሩ ጠጥሯል። ጅብራው ቅጠሉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል፤ አመዳይ አልብሶታል። ያንን በረዶ ሳይ እፎይ አልኩ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጣባውን በብዕሩ መታው፤ ከዚያ ወደ ዋሻው አፍ ሄዶ ብዙ ቆመ። ከዋሻው የሚወጣው አየር አሁን ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። የአጃቢዎቹ አለቃ ጠጋ አለና አሸተተ።

«እረኞች ናቸው» አለ ሐኪሙ፣ ሰውየው ገና አፉን ሳይከፍት። «እረኞች እዚህ ይጠለላሉ።»

ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። የትናንቱን ገጽ ገልጦ በ«አልያዘም» ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመረ። «እንቅልፍህ አልለቀቀህም ነበር መሰለኝ» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

ያን «እረኞች ናቸው» ያለውን ቃል ስንት ዓመት እንዳወጣሁ እንዳወረድኩት እግዚአብሔር ያውቃል። የገባው ይመስለኛል። ገብቶት እንዳዳናቸውም ይመስለኛል። ደግ ሰው ነበር ለማለት ግን አይዋጥልኝም፤ የሚያክማቸው ወታደሮች ድነው ሲወጡ የሚያቃጥሉት የእኛን ቤት ነበርና።

በሳምንቱ ለድንኳኑ ድንች ልገዛ አምበር ገበያ ወረድኩ። ከዋሻው ሰዎች አንዷ፣ አንዲት አሮጊት፣ ገብስ ለመሸመት መጥታ አገኘኋት። ፊቷን ሳይ አወቅሁ። እሷ እንደነገረችኝ፣ ገና ጫፉ ላይ ሳሉ ጉም ወረደባቸው፤ መንገዱ ጠፍቷቸው እየዞሩ አደሩ። ሕፃኑ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። እኅቴ ተኛ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሲነጋ ደበሎዋን ገልጣ አየችው።

«ክርስትና ስላልተነሣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ አይገባም» አለችኝ አሮጊቷ። «እዚያው ጅብራ ሥር ቀበርነው ልጄ። ስም እንኳ ሳይኖረው።»

ድንቹን ሳልገዛ ተመለስኩ። በማግሥቱ ታምሜአለሁ ብዬ ሐኪሙን ተሰናበትኩትና ወደ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ፤ ከዚያ በኋላም ለጣልያን አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ነገር ግን ምን ያደርጋል፤ ክፉውን ጽሕፈት ቀድሜ ጽፌ ጨርሻለሁ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ እኅቴና ባሏ ወደ ተቃጠለው መንደራቸው ተመልሰው ጎጆ ቀለሱ። እኔ ልጠይቃት ለመሄድ አንድ ክረምት ፈጀብኝ። ስደርስ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቃል አልወጣትም። ሌላ ልጅ አልወለደችም።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ገበያ ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ የሰው ደብዳቤ በእሱ በኩል ይመጣ ነበር፣ አስጠርቶ ጥቅል ሰጠኝ። ሐኪሙ ነው የላከው። ምርኮኛ ሆኖ ቆይቶ አገሩ ገብቷል፤ ጥናቱንም አሳትሞታል። ቀጭን መጽሐፍ ነው። መጀመሪያ የፈለግሁት ስሜን ነበር፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ! መግቢያው ላይ «ንጹሕ እጅ ያለውን የአገሬውን ረዳቴን አመሰግናለሁ» ይላል። ስም የለበትም። ወደ መጨረሻው የአሥራ ሁለቱ ጣባዎች ሠንጠረዥ አለ። ከሠንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ቆሽቴ አረረ። «በሰባተኛው ቦታ የአንድ ቀን ጽሑፍ፣ የረዳቱ ስሕተት ስለሆነ ወጥቷል።»

ያን ቀን ባየው አምላክ! ጦርነቱ አልቋል። የሚደበቅ ሰው የለም። ቢያንስ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ማለት አይችልም ነበር? ወይ ያን ማለዳ ጭርሱን አልገባውም፣ ወይም ገብቶት ሠንጠረዡ እንዲያምርለት ፈለገ። ሁለተኛው ከሆነ ከእኔ የሚለየው በምንም አይደለም። የእኔም ንዴት ግማሹ በራሴ ላይ እንደነበር አውቃለሁ።

መጽሐፉን ይዤ ወደ እኅቴ ሄድኩ። ለምን እንደወሰድኩላት እንጃ። እጇ ላይ አደረግሁት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ።

«ያቺ ቀን የት አለች?» አለችኝ።

ደቃቁን ጽሑፍ ገልጬ በአማርኛ ነገርኳት። ፊደል አትለይም፤ ጣቷን አምጥታ መስመሩ ላይ አኖረች።

«የለም ያሉት እዚህ ላይ ነው?»

«እዚህ ላይ ነው እታለም።»

ጣቷን ሳታነሣ ቆየች። እንባዋን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እሱ እኮ ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ አንዲት ሌሊት ብቻ ነው ሞቆት ያደረ» አለችኝ። «መንደራችን ሲቃጠል ውጭ አደርን፤ በማግሥቱም ውጭ አደርን። ያቺን ሌሊት ግን ሞቆት ነበር። አንተ አይተሃል። መልሰህ ጻፈው።»

እሺ አልኳት። ዛሬ ነገ ስል እሷ ቀደመችኝ። ከተቀበረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባሏም የለም። ያን ሕፃን በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የነካው ሰው ከእኔ ሌላ አልቀረም፤ እኔም ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። ስለዚህ የታተመውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ካለ በሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ብሎ ያርመው፤ በቀለም ይጻፈው፣ ገጹ ቢበላሽም ይበላሽ።

ሰባተኛው ቦታ፣ በኅዳር መጨረሻ፣ ፀሐይ ሳትነካው። ውሃው በረዶ አልያዘም። የጅብራው ቅጠል ክፍት ነበር። ምክንያቱ፦ በዋሻው ውስጥ ከሠላሳ በላይ ሰዎች ተኝተው ነበር፤ ከእነሱም አንዱ ስም ያልወጣለት የሠላሳ አራት ቀን ወንድ ልጅ ነበር። ጉንጩ ይሞቅ ነበር። ረዳቱ አልተሳሳተም።